51ን እና 160ን ተከተሉ፦ የሴል ክፍፍል ኢንዛይም ሲበራና ሲጠፋ በአይናችሁ የምታዩበት መንገድ

ባዮሎጂ የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዟል፤ «ሳይክሊን ሲዲኬን ያነቃዋል»። ሲዲኬ የሴል ክፍፍልን የሚያስኬድ ኢንዛይም ነው፤ ሳይክሊን ደግሞ እሱን የሚያበራው ፕሮቲን። ፈተና ላይ ይጻፋል፣ ማርኩ ይገኛል፣ ያልፋል። «እሺ፣ ግን እንዴት ነው የሚያነቃው?» ሲባል አብዛኞቻችን ጸጥ። እኔም ከጸጥተኞቹ አንዱ ነበርኩ።

መልሱ ያለው ፕሮቲኑ ቅርጽ ላይ ነው። ቅርጹን ለማየት ደግሞ ላብራቶሪ አያስፈልግም፤ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ይበቃል። በዚህ መመሪያ ሲዲኬ2 የተባለውን ኢንዛይም በስድስት የተለያዩ ሁኔታዎች እንከፍታለን። ፕሮቲኑ 298 አሚኖ አሲዶች አሉት። ሁሉንም ለማየት ከሞከራችሁ ትጠፋላችሁ። ስለዚህ በተለይ ሁለቱን ብቻ እንከተላለን፤ 51ኛውን እና 160ኛውን። የት እንደዞሩና ማንን እንደያዙ ካወቃችሁ የቀረው ተከትሎ ይመጣል።

መጀመሪያ ግን ሲዲኬ2 ለምን ተመረጠ? በሴል ክፍፍል ውስጥ ዋናው ስለሆነ አይደለም። 2003 ላይ ሲዲኬ2 የሌላቸው አይጦች ተፈጥረው መካን ከመሆናቸው በቀር በደህና አድገዋል። ያለ እሱ የማይሆነው ሲዲኬ1 ነው። ነገር ግን የሲዲኬ2 ክሪስታል (ቅርጹ የሚነበብበት) ቀድሞ ተገኘ። የመጀመሪያው ቅርጽ በ1993 ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጨምረዋል። ለመማሪያ ከእሱ የተሻለ የለም፤ የቤተሰቡ ሌሎች አባላትም በአብዛኛው በዚሁ ስልት ነው የሚሠሩት።

ደረጃ 1፦ ዕቃችሁን አዘጋጁ

የአርሲኤስቢ ፕሮቲን ዳታ ባንክን ድረ ገጽ ክፈቱ። ይህ ባንክ በ1971 ሲጀመር የነበሩት ቅርጾች 7 ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ከ200,000 በላይ ናቸው። ነጻ ነው፤ መመዝገብም አያስፈልግም።

እያንዳንዱ ቅርጽ ባለ አራት ሆሄ መለያ አለው። መፈለጊያው ላይ በላቲን ፊደል የምትመቷቸው እነዚህ ናቸው፦ 1 ኤች ሲ ኬ፣ 1 ኤፍ አይ ኤን፣ 1 ጄ ኤስ ቲ፣ 1 ኪው ኤም ዜድ፣ 2 ሲ ጄ ኤም፣ 1 ጄ ኤስ ዩ። ለመጨረሻ መፈተኛ የሚሆን አንድ ሌላ ደግሞ በኋላ እሰጣችኋለሁ።

አንዱን ስትከፍቱ «ስትራክቸር» የሚል ትር ታገኛላችሁ። እሱን ስትጫኑ ሞልስታር የሚባለው ማሳያ እዚያው ብራውዘር ውስጥ ይነሳል። ማውዙን ተጭናችሁ ስትጎትቱ ይዞራል፤ መሽከርከሪያውን ስትነኩ ይቀርባል፣ ይርቃል። ከላይ የአሚኖ አሲዶቹ ፊደላት በረድፍ ተደርድረዋል። ከእነሱ አንዱን ስትጫኑ ማሳያው ወደዚያ ቦታ ይጠጋና አጠገቡ ያሉትንም አብሮ ያሳያል። ግማሽ ሥራችን ይኸው ነው።

ርቀት ለመለካት በቀኝ በኩል ያለውን የቀስት ምልክት ተጭናችሁ ወደ መምረጫ ሁኔታ ግቡ። መምረጫውን ከ«ሬሲዲው» (ሙሉ አሚኖ አሲድ) ወደ አተም ቀይሩት፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። ከዚያ ሁለት አተሞች ምረጡና «ሜዠርመንትስ» ከሚለው ርቀትን ጨምሩ። መለኪያው አንግስትሮም ነው፤ የሚሊሜትር አንድ አስር ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸው ሁለት አተሞች ከ4 አንግስትሮም በታች ከተቀራረቡ ተያይዘዋል በሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከራሴ ስህተት። አንዳንድ ክሪስታል ውስጥ አንድ ዓይነት ፕሮቲን ሁለት ጊዜ ይገኛል። እያንዳንዱ የፕሮቲን ሰንሰለት «ቼይን» ተብሎ በፊደል ይለያል፤ ለምሳሌ 1 ኤፍ አይ ኤን ውስጥ ቼይን ኤም ቼይን ሲም ሲዲኬ2 ናቸው። እኔ አንዱን አሚኖ አሲድ ከኤ፣ ሌላውን ከሲ አንስቼ ለካሁና ጉድ የሚያሰኝ ርቀት መጣልኝ። «መጽሐፉ ተሳስቷል» ብዬ ግማሽ ቀን ስሟገት ዋልኩ። አንድ ጓደኛዬ አየት አድርጎ «ቼይኑን አይተኸዋል?» አለኝ። በቃ። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት ቼይኑን እዩ።

ደረጃ 2፦ የጠፋውን ኢንዛይም እዩ

1 ኤች ሲ ኬን ክፈቱ። ሲዲኬ2 ብቻውን ነው፤ ሳይክሊንም ሌላ ፕሮቲንም የለም።

መጀመሪያ ከሩቅ እዩት። ሁለት ክፍል አለው። ላይኛው ትንሽ ነው፤ በአብዛኛው ጠፍጣፋ ቀስቶች የሚመስሉ ቤታ ስትራንዶች ናቸው። ታችኛው ትልቅ ነው፤ በሄሊክስ፣ ማለትም በጥምዝ የተሞላ ነው። በሁለቱ መካከል ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ ውስጥ ኤቲፒ (ፎስፌቶች የያዘው የሴሉ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) ተቀምጧል።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ኢንዛይሙ የጠፋ ነው አላልንም? ታዲያ ኤቲፒው ምን ይሠራል? ብዙ ሰው «የጠፋ ኢንዛይም» ሲባል ባዶ ኪስ ነው የሚታየው። አይደለም። ሲዲኬ2 ካይኔዝ የሚባል ዓይነት ኢንዛይም ነው፤ የካይኔዝ ሥራ ከኤቲፒ ላይ አንድ ፎስፌት አንስቶ ሌላ ፕሮቲን ላይ መለጠፍ ነው። ኤቲፒው ቀድሞ ገብቷል፤ ፎስፌቱን የሚያስተላልፉት ክፍሎችም ሁሉም አሉ። የጎደለ ዕቃ የለም። ችግሩ አቀማመጣቸው ነው።

አሁን ከላይ ካለው ረድፍ 33ኛውን ላይሲን ተጫኑ። የእሱ ሥራ የኤቲፒን ፎስፌቶች በትክክለኛ ቦታ ይዞ ማቆየት ነው። ይህን እንዲያደርግ ግን የሚደግፈው ግሉታሜት ያስፈልገዋል፤ ያ ግሉታሜት 51 ነው። ፈልጉት። ላይኛው ክፍል ውስጥ ባለችው ብቸኛ ዋና ሄሊክስ ላይ ታገኙታላችሁ። ሄሊክሷ ፒ-ስቴር ትባላለች። ስሟ የመጣው ከ45 እስከ 51 ካሉት ሰባት አሚኖ አሲዶች የላቲን ምህጻር ነው፦ ፕሮሊን፣ ሴሪን፣ ትሪዮኒን፣ አላኒን፣ አይሶሉሲን፣ አርጂኒን፣ ግሉታሜት። የመጨረሻዋ ፊደል የእኛው 51 ናት።

ወዴት ዞሯል? ወደ ውጭ፣ ወደ ውሃው። ላይሲን 33 እና ግሉታሜት 51 ሆድና ጀርባ ሆነዋል። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩና ጻፉት። ላይሲኑ ደጋፊው ሲያጣ ከአስፓርቴት 145 ጋር ተጣብቋል።

ቀጥሎ 160ኛውን ትሪዮኒን ተጫኑ። እሱ ያለው ቲ-ሉፕ በሚባለው ረዥም ተንጠልጣይ ላይ ነው። ከ145 ጀምሮ እስከ 172 ያለው ነው። ሉፑ የት ተጋድሟል? ፎስፌት የሚቀበለው ፕሮቲን መቀመጥ ያለበት በር ላይ። በዚያ ላይ ከ145 አለፍ እንዳላችሁ ሉፑ ራሱ ትንሽ ሄሊክስ ሠርቷል። ይቺ ትንሽ ሄሊክስ ፒ-ስቴርን ወደ ውጭ ገፍታ ይዛታለች። አንድ ሉፕ ሁለት በር ዘግቷል ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ሳይክሊኑን አምጡ

1 ኤፍ አይ ኤን። በ1995 የወጣ ነው። ሲዲኬ2 ከሳይክሊን ኤ ጋር።

ሳይክሊን የተገኘው በባሕር ጃርት እንቁላል ላይ ሲሠራ በነበረው ቲም ሃንት ነው፤ 1982 ላይ። ፕሮቲኑ በየክፍፍሉ ዙር ይጠራቀምና ድንገት ይጠፋል። በ2001 ሃንት ከሊላንድ ሃርትዌልና ከፖል ነርስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። «ሳይክሊን» የሚለው ስምም ከዚሁ ዑደት የመጣ ነው። ወደ ቅርጹ እንመለስ።

ቼይን ኤ ላይ ብቻ ቆዩ። 33ን ተጫኑና 51ን ፈልጉ። አሁን ሩቅ መሄድ የለባችሁም፤ እዚያው አጠገቡ ነው። ርቀቱን ለኩና ከፊተኛው ጋር አወዳድሩ። የላይሲኑ ናይትሮጅንና የግሉታሜቱ ኦክስጅን ተገናኝተዋል። ሄሊክሷ ወደ ውስጥ ከመግባቷም በላይ ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ዞራለች።

ማን አዞራት? 49ኛውን አይሶሉሲን ተጫኑ። ይህ አሚኖ አሲድ ውሃ የማይወድ ነው። ሳይክሊኑ ላይ ደግሞ ውሃ የማይወድ ጉድጓድ አለ። 49 እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ስርግት ብሏል። በዙሪያው የሳይክሊኑ ላይሲን 266 እና ግሉታሜት 295 ሄሊክሷን በሃይድሮጅን ቦንድ ይዘዋታል። ሳይክሊኑ ሄሊክሷን ጨብጦ ጠምዝዟታል ብትሉ ማጋነን አይደለም። ሳይክሊኑ ራሱ ግን ቅርጹን ብዙም አይለውጥም። እሱ እንደ ዓለት ቆሞ ሲዲኬው ነው በእሱ ልክ የሚሠራው።

አሁን 160 ወዴት ሄደ? ያቺ የምትገፋው ትንሽ ሄሊክስ ቀልጣለች፤ የለችም። ቲ-ሉፑ ከበሩ ተነስቷል። አንዳንድ ቦታ እስከ 20 አንግስትሮም ገደማ ተንቀሳቅሷል፤ ለፕሮቲን ይህ ትልቅ ጉዞ ነው። ልዩነቱን ባንድ ላይ ማየት ከፈለጋችሁ ድረ ገጹ ሁለት ቅርጾችን የሚያነባብር መሣሪያ አለው። 1 ኤች ሲ ኬ ቼይን ኤን እና 1 ኤፍ አይ ኤን ቼይን ኤን ስጡት። ታችኛው ክፍል ልክ በልክ ይገጥማል፤ የሚለያዩት ፒ-ስቴርና ቲ-ሉፑ ናቸው። እኔ ይህን ምስል መጀመሪያ ያየሁ ቀን ነው «ያነቃዋል» የሚለው ቃል ትርጉም የገባኝ።

ታዲያ በራ? በርቷል፣ ግን ገና ጭል ጭል ነው። ሳይክሊን ሲገባ ሥራው በአስር ሺዎች እጥፍ ይጨምራል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የተነሳው ከምንም ስለሆነ፣ ይህም ከሙሉ አቅሙ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ደረጃ 4፦ በ160 ላይ ፎስፌት ሲጨመር

1 ጄ ኤስ ቲ። ከቀድሞው የሚለየው ትሪዮኒን 160 ላይ አንድ ፎስፌት በመለጠፉ ብቻ ነው። ለጣፊው ካክ የሚባል ስብስብ ነው፤ ሲዲኬ7፣ ሳይክሊን ኤችና ማት1 ያሉበት። አዎ፣ አንዱን ሲዲኬ የሚያስነሳው ሌላ ሲዲኬ ነው።

ማውዙን 160 ላይ ስታሳርፉ ስሙ እንደተለወጠ ታያላችሁ። ከተራው ትሪዮኒን ይልቅ ቲ ፒ ኦ የሚል ኮድ ይወጣል። ፎስፌት የያዘ ትሪዮኒን ማለት ነው። ተጫኑትና ጎረቤቶቹን ቁጠሩ። ሦስት አርጂኒኖች ከበውታል፦ 50፣ 126 እና 150።

ቁጥሮቹን አስተውሉ። 50 ፒ-ስቴር ላይ ነው፤ የ51 የቅርብ ጎረቤት። 126 የሚገኘው ዋናው ሥራ በሚሠራበት ቦታ ነው፤ አጠገቡ ያለው አስፓርቴት 127 ፎስፌት ለሚቀበለው ፕሮቲን ቅርብ የሆነው አሲድ ነው። 150 ደግሞ የራሱ የቲ-ሉፑ ነው። ሦስቱ ከሦስት የተለያዩ የፕሮቲኑ ክፍሎች የመጡ ናቸው። ፎስፌቱ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው፤ አርጂኒኖቹ ፖዘቲቭ። አንድ ፎስፌት መሃል ላይ ተቀምጦ ሦስቱን ባንድ ላይ አሰራቸው። ሲወዛወዝ የነበረው ሁሉ ረጋ።

1 ኤፍ አይ ኤንን ደግማችሁ ክፈቱና እዚያ 160 ላይ እነዚህን ጎረቤቶች ፈልጉ። ፎስፌት የለም፣ ያ ቋጠሮም የለም።

ደረጃ 5፦ ሥራ ላይ ያለውን ያዙት

1 ኪው ኤም ዜድ በ1999 የወጣ ነው፤ የእኔ ምርጥ እሱ ነው። ሁሉም ተሟልቷል፤ ሲዲኬ2፣ ሳይክሊን ኤ፣ 160 ላይ ያለው ፎስፌት፣ ኤቲፒ፣ ከዚያም ተቀባዩ። ተቀባዩ ሰባት አሚኖ አሲድ ያላት አጭር ቁራጭ ናት፦ ሂስቲዲን፣ ሂስቲዲን፣ አላኒን፣ ሴሪን፣ ፕሮሊን፣ አርጂኒን፣ ላይሲን። ቼይን ኢ ወይም ኤፍ ላይ ታገኟታላችሁ።

ሴሪኑን ተጫኑ። ፎስፌቱ የሚለጠፈው እዚያ ላይ ነው። አፍንጫው ሥር አስፓርቴት 127 አለ። ከሴሪኑ ቀጥሎ ያለውን ፕሮሊን እዩ። ሲዲኬዎች ለምን ሁልጊዜ ፕሮሊን የሚከተለውን ሴሪን ወይም ትሪዮኒን ይመርጣሉ የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው። ኢንዛይሙ በዚያ ቦታ ላይ፣ 163 እና 164 አካባቢ፣ ያልተለመደ መታጠፍ ታጥፏል። ሌላ አሚኖ አሲድ ቢመጣ የጀርባው ናይትሮጅን የሚይዘው ሃይድሮጅን ቦንድ ያጣል። ፕሮሊን ግን እዚያ ጋ ለመስጠት የሚሆን ሃይድሮጅን የለውም፤ ስለዚህ ምንም አይጎድልበትም።

አሁን የመጨረሻዋን ላይሲን ተጫኑ። ማንን ነው የያዘችው? የ160ን ፎስፌት! ያው ሦስት አርጂኒኖችን ያሰረው ፎስፌት በሌላ ጎኑ ደንበኛም ይቀበላል። ይህን ያወቅኩት ጽሑፍ አንብቤ አልነበረም፤ ሳላስበው ጠቅ አድርጌ ነው።

ደረጃ 6፦ ፍሬኑ፣ ታይሮሲን 15

እስካሁን ማብሪያውን ነው ያየነው። ሴል ግን ኢንዛይሙን አዘጋጅቶ ለጊዜው መያዝ ይፈልጋል። ለዚህ ዊ1 የተባለ ሌላ ካይኔዝ ታይሮሲን 15 ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ሲዲሲ25 መልሶ ያነሳዋል።

«ዊ» በስኮትላንድ አነጋገር ትንሽ ማለት ነው። ፖል ነርስ ኤድንብራ ሳለ ጊዜያቸውን ሳይጠብቁ፣ ገና ትንሽ ሆነው የሚከፈሉ የእርሾ ሴሎች አገኘ። ፍሬኑ የተበላሸባቸው ነበሩ። ስሙም ከዚያ ቀረ።

2 ሲ ጄ ኤምን ክፈቱና 15ን ፈልጉ። ኮዱ ፒ ቲ አር ይላል፤ ፎስፌት የያዘ ታይሮሲን ማለት ነው። የሚገኘው ከኤቲፒው ኪስ በላይ እንደ ክዳን በተዘረጋው ሉፕ ላይ ነው። ከቦታው ተነስቶ «ኤቲፒ እንዳይገባ ከለከለ» ማለት ይቀላል። ተለክቶ የተገኘው ግን ሌላ ነው፤ ኤቲፒ መግባቱን አያጣም፤ በዋናነት የሚቸገረው ተቀባዩ ፕሮቲን ነው። ይህንን ከ1 ኪው ኤም ዜድ ጋር አነባብራችሁ ተቀባይዋ የምትቀመጥበትን ቦታ ከ15 ፎስፌት አንጻር ብትመለከቱት ግልጽ ይላል።

ደረጃ 7፦ ፒ27፣ ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋው

1 ጄ ኤስ ዩ። ሦስት ቼይን አለ፦ ኤ ሲዲኬ2፣ ቢ ሳይክሊን፣ ሲ ፒ27። ፒ27 ሴሉ «አሁን አትከፈል» ሲል የሚልከው ፕሮቲን ነው።

እንደ ልማዳችን በሁለቱ ምልክቶች እንጀምር። 160 ፎስፌት አለው። 51 ወደ ውስጥ እንደዞረ ነው። በእኛ መለኪያ በርቷል! ግን ድርቅ ብሎ የጠፋ ነው። መለኪያችን ያልያዘው ነገር አለ ማለት ነው።

ኤቲፒውን ፈልጉ። የለም።

ቼይን ሲን ምረጡ። እዚህ ጋ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይገጥማችኋል፤ አንዱ የክሪስታሉ ቁራጭ ቁጥር ነው፣ ሌላው የሙሉው ፕሮቲን። ማውዙን ስታሳርፉ «ኦዝ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን ውሰዱ። በእሱ 88ኛውን ታይሮሲን ፈልጉ። ኤቲፒ በሚቀመጥበት ኪስ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። የኤቲፒው አድኒን የሚይዛቸውን ግሉታሜት 81ንና ሉሲን 83ን እሱ ይዟቸዋል። መምሰል ብቻ አይደለም፤ ወንበሩን ነው የወሰደው።

ሌላውን ጫፍ ደግሞ እዩ። የፒ27 አርጂኒን 30፣ ሉሲን 32 እና ፌኒልአላኒን 33 ሳይክሊኑ ላይ ተጣብቀዋል፤ ተቀባይ ፕሮቲኖች መንጠልጠያ የሚያደርጉት ቦታ ላይ። በመካከል ደግሞ ፒ27 የሲዲኬውን ላይኛ ክፍል ጠርዝ ፈልቅቆ የመጀመሪያውን ቤታ ስትራንድ ቦታ ይዟል። በአንድ ጊዜ ሦስት ቦታ ነው የመታው።

አንድ የማይጠበቅ ነገር ልጨምር። ያ ታይሮሲን 88 ራሱ ፎስፌት ሊለጠፍበት ይችላል። እንደ ሳርክና አብል ያሉ ሌሎች ካይኔዞች ይህን ሲያደርጉ ታይሮሲኑ ከኪሱ ይወጣል። ይህ በ2007 ነው የተገለጸው። አንዳንድ ካንሰሮች ላይ ፒ27 እያለ ሥራው የሚላላበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

ደረጃ 8፦ ራሳችሁን ፈትኑ

ቃል የገባሁት ሰባተኛ ቅርጽ 1 ቢ ዩ ኤች ነው። ሲዲኬ2 ከሲኬኤስ1 ከሚባል ትንሽ ፕሮቲን ጋር። ጽሑፉን አታንብቡ። ቅርጹን ብቻ ክፈቱና ወስኑ፤ በርቷል ወይስ ጠፍቷል?

አካሄዱን ታውቁታላችሁ። 33ን ተጫኑ፣ 51 የት እንዳለ እዩ። 160ን ተጫኑ፤ ኮዱ ቲ ፒ ኦ ነው ወይስ ተራ ትሪዮኒን? ቲ-ሉፑ በሩ ላይ ነው ወይስ ተነስቷል? የኤቲፒው ኪስ ውስጥ ማን አለ? 15 ላይ ፎስፌት አለ?

ከወሰናችሁ በኋላ ይህን አንብቡ። ሲኬኤስ1 የተጣበቀው ታችኛው ክፍል ላይ ነው፤ ከፒ-ስቴር ርቆ። ሄሊክሷን አይነካትም፤ 51ም ሳይክሊን እንደሌለው እንደ መጀመሪያው ቅርጽ ወደ ውጭ እንደዞረ ነው። ስለዚህ ጠፍቷል። «ፕሮቲን ስለተጣበቀበት በርቷል» ብላችሁ ከነበር ወደ ደረጃ 3 ተመለሱና አይሶሉሲን 49ን እንደገና ተጫኑ።